ወደ ሱቁ አትደውሉ

ሎንሰስተን፣ እሑድ ጁላይ 6

ለልጄ አባት፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ይዞሃል? ጆርጅ ታውን ከወንዙ አፍ ላይ ስለሆነች በዚህ ወር ነፋሷ አጥንት ይሰብራል ይላሉ። እኛ እዚህ ጉም ውስጥ ተቀብረን ነው የሰነበትነው፤ ዛሬ እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት ድረስ የጎረቤቴን አጥር እንኳ ማየት አልቻልኩም። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ ያው ወገቤ ነው። ድመቷ አርጅታ ሶፋ ላይ መዝለል ስላቃታት በርጩማ አስጠግቼላታለሁ። ልጅህ ማርኒም ደህና ናት፤ ስለ እሷ ኋላ እመጣበታለሁ።

ስለ ጤናህ የምጠይቅህ ለወጉ ብቻ አይደለም። ከጃንዋሪ ወዲህ ድልድዩ አጠገብ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ዝር ብለህ አታውቅም አሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ጠዋት በሩ ሳይከፈት እዚያ ተገትረህ የማትገኝበት ሳምንት አልነበረም፤ ጠባቂው ከአለቃው ይልቅ አንተን ነበር ቀድሞ ሰላም የሚለው። ስለዚህ ወይ ታመሃል ወይ ሞተሃል ብዬ ነበር። መሞትህን ግን አላመንኩም። የሬሳ ሣጥን ቅናሽ እስኪወጣ ሳትጠብቅ አንተ አትሞትም።

በወረቀት የጻፍኩልህ ናፍቆት ይዟት ነው ብለህ እንዳትኮፈስ። ስልክህን ስለማላውቀው ነው። ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጠው ቅናሽ እንዳያመልጠው በየሦስት ወሩ አዲስ ሲም ካርድ የሚያወጣን ሰው ቁጥር ማን ይዞ ይዘልቀዋል? የእኔ ስልክ ውስጥ በአንተ ስም አሥራ አንድ ቁጥር ተመዝግቧል። ባለፈው ሳምንት ሁሉንም ሞከርኳቸው። አንዱን ያነሣችው የሆባርት ጥርስ ሐኪም ናት፣ በጣም ጨዋ ሴት ናት፣ ቀጠሮ ልስጥሽ ወይ ብላኝ ነበር። መሳቢያ ሙሉ ስልክ ያለው፣ ግን ሊደወልለት የማይቻል ሰው በዚህ ደሴት ላይ አንተ ብቻ ነህ። ያልቀየርከው ቤትህን ብቻ ነው፤ እሱንም ከእሱ የሚረክስ አጥተህ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ወዲህ ነው። ማርኒ ሥራዋን ልታጣ ነበር። ከተመረቀች ወዲህ ሁለት ዓመት ስትንከራተት ቆይታ ያገኘችውን የመጀመሪያ ደህና ሥራዋን፣ ቋሚ ልትሆን አራት ቀን ሲቀራት፣ በአንዲት ዜሮ ምክንያት ልታጣው ነበር። እንዴት እንደተረፈች ልጽፍልህ ነው። እግረ መንገዴን ደግሞ ስለ አንተና ስለ ጓደኞችህ ያለኝን ንቀት አደርስሃለሁ። እሱንም ፊት ለፊት ሳልነግርህ ነበር የተለያየነው፤ ሆዴ ውስጥ ብዙ ተቀምጦ ኖሯል።

ሥራዋ የት እንደሆነ ታውቃለህ። እዚያው ያንተ ሱቅ። በጃንዋሪ ስትገባ እኔ ለሦስት ቀን አኩርፌያት ነበር። «በዓለም ላይ ካለው ሥራ ሁሉ የአባትሽን በሽታ ነው የመረጥሽው?» አልኳት። «እማዬ፣ እሱ ይገዛል፣ እኔ እሸጣለሁ፤ በሽታው ሌላ ነው» አለችኝ። የእሷ ሥራ የሱቁን የኢንተርኔት ገጽ ማዘጋጀት ነው፤ ስለየዕቃው ትጽፋለች፣ ፎቶውን ትለጥፋለች፣ ዋጋውን ታስገባለች። እራት ላይ ተቀምጣ ስለ አዲስ ስልክ ስታወራ ሹካዋን ልክ እንዳንተ ታወዛውዛለች። አንዳንዴ ተነሥቼ እሄዳለሁ።

በትዳራችን ዘመን ሰዎች ቁርስ ላይ የማን መንግሥት እንደወደቀ ለሚስቶቻቸው ያነቡ ነበር። አንተ ደግሞ የየትኛው ስልክ ካሜራ ከግራ ወደ ቀኝ እንደተዛወረ ታነብልኝ ነበር። «ሾልኮ የወጣ ፎቶ!» ትለኛለህ፣ ዓይንህ እንባ አቅርሮ። የሾለከው ደግሞ የስልኩ ሽፋን ጥላ ነው። አሁን በማርኒ ምክንያት እኔም ሳልወድ በግዴ ያንን ወሬ አነባለሁ፤ ሥራዋ ነውና እንዳልደነቁርባት ብዬ። ትናንት እንዳነበብኩት ከሆነ የዘንድሮው ካምናው በአንድ ፀጉር ይቀጥናል፣ ባትሪው ሃያ ደቂቃ ይጨምራል፣ ዋጋው ግን በሁለት መቶ ዶላር ይወደዳል። ከእጅ አይሻል ዶማ! ይህንን የሚጽፉት ጎልማሶች ናቸው፣ ሚስትና ልጅ ያላቸው። አንዱ «ጠርዙን ስዳስሰው ትንፋሼ ቆመ» ብሎ ጽፏል። ምነው ቆሞ በቀረ።

ስለ ምረቃዋ ቀን ጽፌልህ አላውቅም። ተናግሬህም አላውቅም፤ ያን ዕለት ዝም ብዬህ፣ በወሩ ደግሞ ልብስህን በአንተው የቴሌቪዥን ካርቶኖች አሽጌ በረንዳ ላይ አወጣሁልህ። ዛሬ ልጻፈው። ዴቨንፖርት ውስጥ አንድ ሱቅ ሰባት ታብሌት በግማሽ ዋጋ አወጣሁ ብሎ በወረቀት ብቻ አስተዋወቀ፤ ወረቀቷን ይዞ በአካል ለመጣ ብቻ። መቶ ኪሎ ሜትር። «ደርሼ እመለሳለሁ፣ ለማርኒ ስጦታ ነው» አልከኝ። እሷ ጥቁር ካባዋን ለብሳ መድረክ ላይ ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው አጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር ነው። አንተ የደረስከው ወንበሮቹ ሲነባበሩ ነው፤ ሳጥኑን በሁለት እጅህ ወደ ላይ አንሥተህ፣ ዋንጫ እንደበላ ሰው። «ግማሽ ዋጋ እኮ ነው!» አልክ።

ማርኒ አልጮኸችም፤ እኔ ብሆን ሳጥኑን አናትህ ላይ እከሰክሰው ነበር። እሷ ግን ረጋ ብላ «ስንት አተረፍክ?» ብላ ጠየቀችህ። አንተም ደስ ብሎህ፣ ከነሳንቲሙ ነገርካት። ጥያቄ መስሎህ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን ያን ቀን በዓይኔ አየሁት፤ የጣለው ሰው ግን መጣሉን እንኳ አላወቀም፣ የመኪና ማቆሚያው ነፃ መሆኑን ይነግረን ነበር። ሳጥኑ እስካሁን ሳይከፈት ቁም ሣጥኗ አናት ላይ ተቀምጧል። ዋጋው አንተ ከገዛህበት በታች ከወረደ ቆይቷል። አይቼልሃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሳትነጋገሩ ኖራችሁ። እኔም አላስታረቅኩም። ሱቁ ከገባች በኋላ በየሐሙሱ ማታ «ዛሬስ መጥቶ ነበር?» እላታለሁ። «የቀሩት ሽማግሌዎች ሁሉ ነበሩ፣ እሱ የለም» ትለኛለች። በመጀመሪያው ወር በንዴት ነበር የምትናገረው። «እኔን ላለማየት ርካሽ ነገር እስከ መተው ደርሷል፣ ይህን ያህል ነው የሚጠላኝ» አለች አንድ ቀን። እኔም የሞኝ ነገር፣ አዎ ጠልቶሽ ነው አልኳት ማለት ይቀላል። አላስተባበልኩም።

አሁን ወደ ዜሮዋ ልምጣ። የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ቅናሽ ሲደርስ እዚያ ሱቅ ውስጥ ሰው እንደማይበላና እንደማይተኛ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ማርኒ በዚያ ሳምንት ሦስት መቶ ዕቃ ገጹ ላይ ማስገባት ነበረባት። በኤፕሪል አንድ የጆሮ ማዳመጫ ዋጋ አሳስታ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል። አለቃዋ ሚስተር ፓስኮ «ሁለተኛ ከተደገመ የሙከራ ጊዜሽን አልፈርምልሽም፣ እኔም ብፈልግ ከላይ አይፈቅዱልኝም» ብሏት ነበር። ሐሙስ ጁን 26 ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ማታ አስገብታው ያደረችው አዲሱ የዋጋ ዝርዝር በራሱ ገጹ ላይ ወጣ። አንድ ሺህ አራት መቶ ዘጠና ዶላር መባል ያለበት ስልክ፣ ያ አንተ ስለ እሱ ሾልኮ ከወጣ ፎቶ ጀምሮ ስታነብ የኖርከው ዓይነት ስልክ፣ መቶ አርባ ዘጠኝ ዶላር ተብሎ ወጣ። ማርኒ ያኔ እዚህ ቤት ተኝታ ነበር። አፏን ከፍታ እንደምትተኛ ታውቃለህ።

ሱቁ የሚከፈተው በሦስት ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያ ዋጋ ቢቆይ ምን ይሆን እንደነበር ለአንተ አልነግርህም። ያንተ ወንድሞች፣ እነዚያ የቅናሽ አዳኝ ነን ብላችሁ ገጽ ከፍታችሁ የምትጠራሩት፣ አንዱ ካየው በሩብ ሰዓት ውስጥ ከዚህ እስከ ፐርዝ ያለው ስግብግብ ሁሉ ይሰማል። እያንዳንዱም ለአክስቱ፣ ለአማቹ፣ ለሞተ አጎቱ አንዳንድ ያዝዛል። ከገጹ አናት ላይ በቀይ የተጻፈውን ትእዛዛችሁንም አስታውሳለሁ፤ አንተ ነህና የጻፍከው፣ በእኔ ወጥ ቤት፣ በእኔ ጠረጴዛ። «ሱቅ ዋጋ ተሳስቶ ሲያወጣ ወደ ሱቁ አትደውሉ። እውነት ነው ወይ ብሎ የሚደውል ሞኝ የሁላችንንም እንጀራ ይደፋል።» ሦስት ጊዜ አርመህ ጻፍከው። ከዚያ ጮክ ብለህ አነበብክልኝ፣ ከተራራ ይዘኸው የወረድክ መስሎህ። እኔ ድንች እልጥ ነበር። «የሌላውን ስህተት መብላት ምኑ ነው የሚያኮራው?» ብዬ ጠየቅኩህ፤ «ሱቅ ሰው አይደለም» አልከኝ።

ማርኒ የዚያን ዕለት ማታ ፊቷ አመድ መስሎ ገባች። ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሥራዋን ያጣች መስሎኝ ሻይ ላፈላ ተነሣሁ። «አልተባረርኩም» አለችኝ። «መባረር ነበረብኝ፣ ግን አንድ ሰው ደወለ።»

ሚስተር ፓስኮ ለብቻው ገብቶ መብራት ሲያበራ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ፣ የሱቁ ስልክ ይጮኻል። ያነሣል። አንድ ጎርናና ድምፅ፣ ሰላም እንኳ ሳይል፣ «ስማ ወንድሜ፣ ዜሮ ጠፍቶባችኋል። የአዲሱ ስልክ ዋጋ። ማን ነህ አትበለኝ፣ ወንበርም አትሳብ፣ ቆመህ አስተካክል» ይለዋል። ፓስኮም ቆሞ አስተካከለ። እስከዚያ የታዘዘው አንድ ስልክ ብቻ ነበር፣ ይቅርታ ተጽፎ ተሰረዘ። ፓስኮ ማርኒን ቢሮው ጠርቶ «ምንም የጠፋ ነገር የለም፣ ምንም ያልጠፋበትን ነገር ደግሞ ለላይኞቹ አልጽፍም፤ ሰኞ ቋሚነትሽን እፈርማለሁ፣ ከእንግዲህ ግን ከመለጠፍሽ በፊት አብረን እናያለን» አላት። ደህና ሰው ነው ፓስኮ። ክራቫቱ ግን አስቀያሚ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እኔም አልጽፍልህም ነበር። ፓስኮ ደዋዩን አመስግኖ ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ አሉ። «ካገኘሁህ አይቀር» አለ፣ «ያቺን ስልሳ አምስት ዋት ቻርጀር ዴቨንፖርት በአራት ዶላር ቀንሰው ይሸጧታል። በእነሱ ዋጋ ትሰጠኛለህ?»

ፓስኮ ይህን ሲነግራት እየሳቀ ነበር። እሷም ለእኔ ስትነግረኝ የሰውየውን ድምፅ አስመስላ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ እየሳቀች ነበር። ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። እኔም ቀና ብዬ አላየኋትም። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም እንዲሉ፣ በዚህ ደሴት ላይ ቤት እየተቃጠለ የእሳት አደጋ ቢጠራ «የውሃው ዋጋ ይቀነሳል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ስንት ሰው አለ? ሄዳ ንጹሕ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁት። ሁለታችንም የማንንም ስም አልጠራንም።

ደዋዩ ማን እንደሆነ እንግዲህ አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም። ማንም ይሁን ማን፣ ለአራት ዶላር ራሱን ሊያጋልጥ የደረሰ ደደብ ነው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ያ ዋረን ጓደኛህ እኔ የምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ መጣ። ያቺን ቀጫጫ የሩጫ ውሻውን ክትባት ሊያስወጋ ነው አለ፤ እኔ እንግዳ መቀበያው ላይ መሆኔን ያውቃል፣ የመጣው ለእኔ ሊነግር ነው። ፊቱ ቀልቷል። «ሰምተሻል ሽማግሌው ያደረገውን?» አለኝ። ሰው እየሰማ ቀጠለ። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ «ተነሣ! ስንጠብቀው የኖርነው መጣ!» የሚል መልእክት ላክህለት አሉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ «ተሳስቻለሁ። ተመልሰህ ተኛ» የሚል። ዋረን ሊተኛ ነው እንዴ? ራሱ ፈልጎ አገኘው፣ አንድ አዘዘ፣ ለሌሎቹ ሊጽፍላቸው ሲል ዋጋው ከፊቱ ተቀየረ። የተሰረዘችው ትእዛዝ የእሱ ነበረች።

«ደወለ!» አለኝ ዋረን፣ ጠረጴዛዬን እየመታ። «ሕጉን የጻፈው ሰውዬ ራሱ ደወለ! ስንጠይቀው አልካደም እኮ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረነው ተሰልፈናል፣ በገና ማግስት በዝናብ! ምን አስነካው?» ዓርብ ዕለት ከገጹ እንዳባረሩህም ነገረኝ፤ ስምህንም ከቀዩ ጽሑፍ ሥር እንደፋቁት።

እኔ ምን አልኩት መሰለህ? «እሱ አይመስለኝም» አልኩት። «ያ ሰውዬ በመቶ አርባ ዘጠኝ ዶላር የሚሸጥ ስልክ አይቶ ዝም ከሚል እናቱን ይሸጣል። ራስ ወዳድ ነው፣ ንፉግ ነው፣ ለራሱ ልጅ ምረቃ ያልመጣ ሰው ነው፤ ለማን ብሎ ነው የሚደውለው?» ስለ አንተ የማውቀውን ሁሉ አውጥቼ አንቋሽሼ ተከራከርኩልህ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ደስ ብሎኝ ሰድቤህ አላውቅም። ዋረን የውሻውን ገመድ እጁ ላይ ጠመጠመ። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። «ብቻ ያን ዕለት ገጹን እስከ ታች አንብቦታል ልበል? ከታች አንድ የማይረባ ነገር ተጽፎ ነበር፤ ስለ ወለል።» ከዚያ የጡረተኛ ቅናሽ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ዱሮም ነበረ፣ አሁንም አለ። ሙሉውን አስከፈልኩት።

ስለ ወለል ያለውን ማታ ቤት ገብቼ አየሁት። ማርኒ ስለየስልኩ ስትጽፍ መጨረሻው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ትጨምራለች፤ ለሁሉም ስልክ አንድ ዓይነት። «ሽፋኑንም አብራችሁ ግዙ፣ ወለል ለማንም አይራራም።» ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ሁለት ወር አድፍጠህ የገዛኸውን ስልክ ወጥ ቤት ውስጥ ጥላ የሰበረችብህ ጊዜ፣ ጠረጴዛ ሥር ተደብቃ ስታለቅስ፣ አንተ በጉልበትህ ተንበርክከህ ያልካት ነው። «አታልቅሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሽፋን አልገዛሁለትም። ወለል ለማንም አይራራም።» ያኔ ጉልበትህ ደህና ነበር። እኔ ያን ቀን ከበሩ ላይ ቆሜ አይቼህ ነበር። እሱንም ነግሬህ አላውቅም።

ይቺን ዓረፍተ ነገር ለማንበብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መልእክት መካከል የነበረው ግን አምስት ደቂቃ ነው። ያ ደዋይ፣ ማንም ይሁን፣ በዚያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ምን ሲያደርግ እንደነበር አስባለሁ። ስንት ስልክ ቅርጫቱ ውስጥ አስገብቶ ነበር? ሦስት? አራት? አንድ በአንድ ሲያወጣቸው ይታየኛል። ስለ ሐሙሶቹም አስቤያለሁ። በከተማው ርካሹ ሱቅ የነበረው ያ ነው፤ እሷ ፊቱን ሳታይ ሥራዋን ትልመድ ብሎ ስድስት ወር ከበሩ የራቀ ሰው ካለ፣ ለእኔ ወይም ለእሷ አንድ መስመር መጻፍ ምን ያቅተው ነበር? ለዚህ ነው የምንቅህ። ክፋትህን ብቻ ሳይሆን ደግነትህንም እንደ ዕቃ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈህ ነው የምታስቀምጠው፣ ሳጥኑ ሳይከፈት። እኔ ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመት አብሬህ ኖሬ ሳጥኑን ብቻ ቆጥሬ አስወጣሁህ። ይህን የመጨረሻውን አታንብበው።

ከደብዳቤው ጋር ትንሽ ዕቃ አለ። ስልሳ አምስት ዋት ቻርጀር ነው። የገዛችው ማርኒ ናት፣ ከራሷ ሱቅ። የሠራተኛ ቅናሽ ነበራት፣ አልተጠቀመችበትም። የዴቨንፖርቱንም ነገርኳት፣ አራት ዶላር እንደሚረክስ። «አውቃለሁ» አለችኝ። ሙሉ ዋጋ ከፈለች። ደረሰኙን እንዳትፈልግ፣ ምድጃ ውስጥ ጥዬዋለሁ፤ አንተ መልሰህ የልዩነቱን ገንዘብ ልታስመልስ እንደምትሞክር አውቃለሁ።

እሑድ ና እያልኩህ አይደለም። እሑድ በሰባት ሰዓት እንደ ወትሮው የበግ ጥብስ እንበላለን፣ ከእነድንቹ፤ ሥጋው ሁልጊዜ ይተርፋል፣ ድመቷ ደግሞ ጥርስ የላትም። የኋላው በር ዝናብ ከመጣ ወዲህ አልዘጋም ብሏል። ለአናጢ ልደውል ነው፣ በሙሉ ዋጋ። ይህን ስትሰማ እንደሚያምህ አውቃለሁ።

ጉልበትህን ሙቅ ነገር እሰርለት። ቅናሽ ስለሆነ ብቻ ጊዜው ያለፈበት ሾርባ አትብላ። ከእነዚያ ጓደኞችህ መገላገልህን እንደ ኪሳራ አትቁጠረው። እግዚአብሔር ጤናህን ይስጥህ፣ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ትንሽ ደግሞ አእምሮ ይጨምርልህ።

የልጅህ እናት

ይድረስ ለዚያው፦ ፖስታውን ላሽግ ስል ማርኒ መጣችና አንድ ነገር ጨምሪልኝ አለችኝ። «‹ስንት ከሰርክ?› ብለሽ ጠይቂልኝ» አለች። ይኸው ጠየቅኩልህ። መልሱን ግን ለእኔ አይደለም የምትሰጠው። ሐሙስ ሱቁ በሦስት ሰዓት ይከፈታል፣ እሷ ከመግቢያው በስተግራ ነው የምትቀመጠው። ወደ ሱቁ አትደውል።